ከለቡ እስከ ድሬ፦ በክሪኬት የተዋወቅኩት መንገደኛ

የከዚራ ልጅ (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ስመለስ የገጠመኝን ነገር ለመጻፍ ጥቂት አመንትቼ ነበር፤ ነገሩ ስለ ክሪኬት ነው፣ ክሪኬት ደግሞ በከተማችን አብዛኛው ሰው ከስሙ በቀር የማያውቀው ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ ከእናንተ መካከል በየሄደበት አገር ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ስለጓጓሁ ጻፍኩት።

ከለቡ ጣቢያ ስንነሣ አጠገቤ የተቀመጠው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ጠይም፣ ዝምተኛ የውጭ አገር ሰው ነበር። አዋሽን እስክናልፍ ድረስ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም፤ እሱ በመስኮቱ ያያል፣ እኔ ስልኬን እነካካለሁ። ወደ ሚኤሶ ስንቃረብ ከፌስታሉ ብርቱካን አወጣ። የሚልጠው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ ብርቱካኑን በጣቶቹ ጨብጦ፣ የእጁን አንጓ ወደ ውስጥ አጥፎ ድንገት እየለቀቀ፣ ከቀኝ እጁ ወደ ግራ መዳፉ ይወረውረው ጀመር። ብርቱካኑ ርቀቱ ከአንድ ስንዝር ባይበልጥም መዳፉ ላይ ካረፈ በኋላም ይሽከረከር ነበር። እንደዚያ የሚታጠፍ አንጓ በቴሌቪዥን ስንት ሌሊት አይቻለሁ።

«ሙራሊታራን?» አልኩት።

ከወገቡ ዞሮ አየኝ። ብርቱካኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ስሙን ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። የስሪላንካ ሰው ነው፤ የስፌት መኪኖች ባለሙያ ሲሆን ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው ለሥራ ነው። ሙቲያ ሙራሊታራን ለማያውቁ አባላት፦ በአምስት ቀን ጨዋታ፣ ማለትም በቴስት ክሪኬት፣ 800 መቺዎችን (ኳሱን በጣውላ የሚመቱትን) ከሜዳ ያስወጣ፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት ወርዋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጋል በምትባለው የወደብ ከተማ የመጨረሻ የቴስት ጨዋታውን ሲጀምር 792 ላይ ነበር። ስምንት ይቀሩት ነበር፤ ስምንተኛውን ያገኘው በቴስት ክሪኬት በወረወራት የመጨረሻዋ ኳስ ነው። ጎረቤቴ ይህንን ሲነግረኝ እንደ አዲስ ነገር አልነገረኝም፤ አንድ ነገር ረስቼ እንደሆነ ሊያረጋግጥ ያህል ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ጎርፍ ወረደ። እኔ ትምህርቴን የተከታተልኩት በሕንድ አገር፣ በፑኔ ከተማ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ምሽት ሕንድ እና ስሪላንካ በሙምባይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲጫወቱ እኔ በተማሪዎች ማደሪያ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከሁለት መቶ ከማያንስ ሰው ጋር በአንዲት ቴሌቪዥን ፊት ተፋፍጌ ነበር። የሕንዱ አምበል ዶኒ የመጨረሻዋን ኳስ ከሜዳው አሻግሮ ተመልካቹ መሐል ሲጥላት አገሩ ሁሉ ወደ መንገድ ወጣ፤ ሕንድ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዋንጫውን ሳታነሣ 28 ዓመት ሞልቷት ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አይቼው የማላውቅ ሽማግሌ መንገድ ላይ አቁሞ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ በእጁ አጎረሰኝ። በሰው አገር እንደ ጉርሻ ያለ ነገር ሲያገኙ ምን እንደሚሰማ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጎረቤቴ በዚያው ምሽት ኮሎምቦ፣ በወንድሙ ቤት ነበር። ማሄላ ጃያዋርደና ሳይወጣ 103 ነጥብ አስቆጥሮ ስሪላንካ 274 ስትደርስ ዋንጫው የእነሱ መስሏቸው ነበር። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ መቶ አስቆጥሮ ቡድኑ ሲሸነፍበት ማሄላ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የሙራሊታራንም የመጨረሻ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያው ነበር። ጎረቤቴ እናቱ ቴሌቪዥኑን ራሳቸው ተነሥተው እንዳጠፉት፣ ያን ሌሊት በሰፈሩ የውሻ ድምፅ እንኳ እንዳልሰማ ነገረኝ። እኔ ስለ ላዱው ልነግረው አፍሬ ነበር፤ እሱ ግን ጠይቆ አስነገረኝ፣ ሲሰማም ፈገግ አለ። እኔ በደስታው በኩል፣ እሱ በኀዘኑ በኩል፣ አንዲቱን ሌሊት ይዘን ኖረን ድሬ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ገጠምናት። ብርቱካኑን ላጠና ለሁለት ከፈለው።

እናንተስ? በጨዋታ ፍቅር የተነሣ ከማታውቁት መንገደኛ ጋር የተዛመዳችሁበት ጊዜ አለ?

ሳቢያን ሰፈር

ወንድሜ፣ ታሪክህ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ይህን ሁሉ ኳስ አያደርገውም? እኔ ሹፌር ነኝ፤ ጅቡቲ ስገባም ሞያሌ ስወርድም «የአርሴናል ደጋፊ ነህ ወይስ የማንቸስተር?» ብዬ ያልተግባባሁት ሰው የለም። ቋንቋ እንኳ ሳንጋራ በተጫዋቾች ስም ብቻ ሻይ ጠጥተን ተለያይተናል። ክሪኬትን ለመውደድ መጀመሪያ ለማወቅ፣ ለማወቅ ደግሞ ዓመታት ያስፈልጋል። ለመግባባት ይህን ያህል መድከም ለምን?

ደግሞም የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ ተቀጥሬ በነበረበት ጊዜ የውጭ አገር ኃላፊዎቻችን በዕረፍት ቀን ከካምፑ ጀርባ ክሪኬት ይጫወቱ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያኑ ከአጥሩ ወዲህ ቆመን እናያለን። ኳሷ ወደ እኛ ስትመጣ እናቀብላቸዋለን፤ «ኑ፣ ሞክሩ» ያለን ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጨዋታው እንደሚያገናኝ ሁሉ እንደሚያጥርም አይቻለሁ።

የከዚራ ልጅ

ሁለተኛውን ጉዳይ አስቀድሜ ልመልስ፤ የሚያሳዝን ነውና። የተደረገባችሁ ነገር ልክ አይደለም፣ እኔም ጨዋታውን ስለምወድ ብዬ አልከላከልለትም። በሥራ ቦታ አለቃና ሠራተኛ የለየው አጥር በዕረፍት ቀንም ካልተከፈተ ጥፋቱ የሰዎቹ ነው።

ስለ ኳስ ያልከው እውነት ነው፤ እኔም ኳስ ወዳጅ ነኝ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኳስን ማንም ስለሚያውቀው፣ ብታውቀው የሚደነቅልህ የለም፤ «አርሴናል ነኝ» ስትለው «እኔም» ይልሃል፣ ተሳስቃችሁ ታልፋላችሁ። አንድ ስሪላንካዊ ወይም ባንግላዴሻዊ ግን በኢትዮጵያ ምድር ክሪኬት የሚያውቅ ሰው እንደማያገኝ ልቡን አሳምኖ ነው የሚመጣው። ኳሱ መሬት ነክቶ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ አበሻ ሲያገኝ ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ይህ ሰው በአገሬ ሰዎች መካከል ተቀምጧል፣ ምግባችንን በልቷል፣ ጊዜ ሰጥቶናል ብሎ ነው የሚያስበው። አንተ ዓመታት ያስፈልጋሉ ያልከው ድካም ራሱ ነው ለሰውየው እንደ አክብሮት የሚቆጠርለት።

ሌላው የጨዋታው አካሄድ ነው። የአንድ ቀን ጨዋታ ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር ሲሆን በአንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ይወረወራል፤ ሲጠናቀቅ ሰባት ስምንት ሰዓት ያልፋል። ቴስት ደግሞ አምስት ቀን ይፈጃል፤ በየቀኑ ለምሳ ይቆማል፣ ለሻይም ይቆማል። በአንዱ ኳስና በሚቀጥለው ኳስ መካከል ወርዋሪው ወደ መነሻው እስኪመለስ ድረስ ወሬ ይቀጥላል። እኛ ድሬዎች ከሰዓት በኋላ ጥላ ፈልገን፣ ተደግፈን፣ ረጅም ጨዋታ ስንጫወት ያደግን ሰዎች ነን፤ ለዚህ ጨዋታ የሚሆን ትዕግሥት ከማንም ይልቅ ያለን ይመስለኛል። ዘጠና ደቂቃ ግን ዓይንህን ከሜዳው ስለማያስነቅል አጠገብህ ያለውን ሰው የምታውቀው ካለቀ በኋላ ነው።

ገንደ ቆሬ

እኔ ስድስት ዓመት ሻርጃ ሠርቼ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ክሪኬትን ያወቅኩት ከመስኮት ነው። በዕረፍቱ ቀን፣ ዐርብ ጠዋት ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ባዶ ስለሚሆን ፓኪስታናውያንና ባንግላዴሻውያን ሠራተኞች ጎሕ ሲቀድ ጀምረው ይጫወቱበት ነበር። እውነተኛው የክሪኬት ኳስ ቆዳ የለበሰ፣ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለሆነ በአስፋልት ላይ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የቴኒስ ኳስ ገዝተው የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይጠቀልሉበታል። ናስትሮው ሲጠቀለልበት ኳሱ ክብደት ያገኛል፣ ፍጥነትም ይጨምራል፤ ግማሹን ብቻ ሲለብስ ደግሞ በአየር ላይ ይታጠፋል። ሥራ ውሎ የመጣ ሰው ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ናስትሮውን በጥርሱ እየቆረጠ፣ አንዲት ሽብሽብ እንዳትኖር በአውራ ጣቱ እየዳመጠ ሲጠቀልል ማየት እወድ ነበር። እናቴ የሞሰብ ጠርዝ ስትሰፋ እንደዚያ ነበር የምትጠነቀቀው።

ስለ መንገደኛ ከተነሣ ደግሞ አንድ ልጨምር። ሻርጃ በገባሁ በሁለተኛው ወር አድራሻ ጠፍቶኝ በታክሲ ስዞር ሹፌሩ በኡርዱ የሬዲዮ ስርጭት ይሰማ ነበር። ቋንቋውን ባላውቅም የድምፁን መጣደፍ ሰምቼ «ስንት ለስንት ነው?» አልኩት በእንግሊዝኛ። ሰውየው በመስተዋቱ አየኝ፤ ከዚያ የሻርጃ ስታዲየም እስኪታየን ድረስ ስለ ጃቬድ ሚያንዳድ አወራልኝ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1986 ፓኪስታን ከሕንድ ጋር በዚያው ስታዲየም ለፍጻሜ ስትጫወት የቀረችው አንዲት ኳስ፣ የሚያስፈልገው ደግሞ አራት ነጥብ ነበር፤ ሚያንዳድ ከሜዳው ውጭ አሻገራት፣ ስድስት ሆነች። ሹፌሩ ያን ጊዜ ልጅ እንደነበረና ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እንዳየ ነገረኝ። ከዚያም ቆጣሪውን አጥፍቶ አድራሻውን ፈልጎ አደረሰኝ።

ሆኖም ነገሩን ከልክ በላይ ማሳመር አልፈልግም። እዚያ ሜዳ ላይ ሴት አልነበረችም። እኛ እናያለን እንጂ አንጠራም፤ የሳቢያን ሰፈር ወንድማችን ከአጥሩ ወዲህ ቆምን ያለው እኔም የማውቀው ነገር ነው። አንድ ዐርብ ግን ከሱቅ ስመለስ ኳሱ ከላይ ወደ እኔ መጣ። የያዝኩትን የዳቦ ፌስታል ለቅቄ በሁለት እጄ ቀለብኩት። ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይወጣልና ወርዋሪው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጮኸ፤ መቺው ግን «እሷ ከቡድኑ አይደለችም» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ አሥር ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ መውጣቱን አመነ፤ ከዚያ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር «ፊልደራችን» (ኳስ ቀላቢያችን) እያሉ ሰላም ይሉኝ ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የሴቶች የክሪኬት ዓለም ዋንጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፣ የወንዶቹ በ1975። ሴቶቹ በሁለት ዓመት ቀድመዋል።

ሸዋ በር

ልጆቼ፣ ከሐረር ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ ሰባ አልፏል። ክሪኬት ለአገራችን እንግዳ ነው የሚለውን አነጋገር ጥቂት ላርም ብዬ ነው የገባሁት። ሕንዶች በሐረር ዛሬ አልመጡም፤ ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የገቡት ነጋዴዎች በጀጎል ውስጥ የሠሯቸው፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሐረር ጦር አካዳሚ ሲከፈት መምህራኑ የሕንድ ጦር መኮንኖች ነበሩ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም ሕንዳውያን አስተማሪዎች ሞልተው ነበር።

የእኔ የሒሳብ መምህር ከኬረላ የመጡ ሰው ነበሩ። አናጢ ቤት ሄደው እንደ ቀዘፋ ጠፍጣፋ የሆነ ጣውላ አስቀርጸው፣ ሦስት ቀጫጭን ዘንግ መሬት ላይ ተክለው፣ ድንጋያማው ሜዳ ላይ አጫወቱን። መጫወቻው ከዘንግ እስከ ዘንግ 22 ያርድ፣ ማለትም 20 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ በእርምጃ አስለክተውናል፤ ያርድን ወደ ሜትር መለወጥ የተማርነው በዚያ ነው። በ1963 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ክፍል ሲገቡ ሰላምታ ሳይሰጡን ሰሌዳው ላይ 774 ብለው ጻፉ። «ይህ ቁጥር የማን ነው?» አሉ። ማንም አላወቀም። ሱኒል ጋቫስካር የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሩ ተሰልፎ፣ በዌስት ኢንዲስ ምድር በአራት ጨዋታ 774 ነጥብ አስቆጥሮ፣ ሕንድም በዚያ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ማሸነፏን ነገሩን። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከአገራቸው በዚያ ርቀት፣ ደስታቸውን የሚያካፍሉት ሰው አጥተው ለእኛ ለልጆቹ ነገሩን።

አርባ ዓመት አለፈ። ልቤን ታምሜ ለሕክምና ወደ ሙምባይ ሄድኩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በክፍሉ ውስጥ ከጎኔ የተኛው ሰው በዕድሜ ከእኔ ጋር የሚስተካከል፣ ማንንም የማያናግር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ ክሪኬት ሲያሳይ አየሁትና ምን እንደምለው ጨንቆኝ «774» አልኩ። በእንግሊዝኛ ቁጥሩን ብቻ። ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። ነርሷ እንዳይነሣ ብትከለክለውም በክርኑ ተደግፎ ተቀመጠና «ጋቫስካር» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ምሳ ሲያመጡ ለሁለታችን ነበር፤ ባለቤቴም ከቤት ይዛ የሄደችውን ቡና በማታ እያፈላች ለእሱም ታካፍለው ነበር። ከሆስፒታል የወጣው እኔን ቀድሞ ነው። ሲወጣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ በቋንቋው የሆነ ነገር አለኝ፤ ልጁ ሊተረጉምልኝ ሲል «ተወው፣ ገብቶኛል» አልኩት። መምህሬ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ወሬያቸውን ሰምቼ አላውቅም። ይህንን ግን እሳቸው ቢሰሙት ደስ ባለኝ።

ለሳቢያኑ ልጄ፦ በእኛ አገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል ነበር። በዚያ ቀን ሎሌ የጌታውን እግር በዱላ ቢመታ አይቀየምም ነበር ማለት ነው። ያ የዕረፍት ቀን ለእናንተም እንደዚያ ሊሆን ይገባው ነበር፤ እነሱ ያላወቁት የጨዋታውን ግማሽ ነው።

አዲስ ከተማ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የእርስዎን ጽሑፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ለክሩ ባለቤት አንድ ጥያቄ አለኝ። በቅርቡ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ እሄዳለሁ። ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ ለመማር ጊዜ የለኝም። ቢያንስ ውጤቱን አይቼ መግባባት እንድችል ማወቅ ያለብኝ ምንድን ነው?

የከዚራ ልጅ

ጋሼ ሸዋ በር፣ አመሰግናለሁ። 774ን ከዛሬ ጀምሮ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ።

እህቴ፣ ውጤቱ በሁለት ቁጥር ነው የሚነገረው። «274 በ6» ከተባለ ቡድኑ 274 ነጥብ አስቆጥሯል፣ ስድስት መቺ ወጥቶበታል ማለት ነው። አሥር ከወጣበት ተራው ያበቃል፤ አሥራ አንደኛው ብቻውን መጫወት አይችልምና። በዚያ በ2003 ዓ.ም. ፍጻሜ ሕንድ 277 በ4 ስትጨርስ ሊወጡ የሚችሉ ስድስት ስለቀሯት «በስድስት ዊኬት አሸነፈች» ተባለ። አራት ማለት ኳሱ እየተንከባለለ ድንበር ሲያልፍ ነው፣ ስድስት መሬት ሳይነካ ሲያልፍ። ለመነሻ ይህ ይበቃል። የቀረውን አትማሪው፤ ጠይቂ። እኔ ከመጽሐፍ ተምሬ ብሄድ ኖሮ ፑኔ ውስጥ ማንም አያስጠጋኝም ነበር፤ ባለማወቄ ነው የማደሪያው ዘበኛ፣ ሻይ ሻጩና የሒሳብ ተማሪዎቹ ሁሉ ተራ በተራ አጠገባቸው አስቀምጠው ያስረዱኝ። ዘበኛው የኳሱን ስፌት ለማሳየት የቀኝ ጫማውን አውልቆ የጫማውን ስፌት በጣቴ አስነክቶኛል።

ሳቢያን ሰፈር

ሁሉንም አነበብኩ። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም፤ ለመንገድ አሁንም ኳስ ይበልጥብኛል። ነገር ግን ገንደ ቆሬ እህታችን የቀለበችው ኳስ ሲነሣ የራሴን አስታወስኩ። እኛም ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ስንት ቀልበን አቀብለናል፤ ማንም አልቆጠረልንም እንጂ።

ያ ስሪላንካዊ አሁንም ድሬ ነው?

የከዚራ ልጅ

አዎ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አለ። በስልክ እንገናኛለን። እሑድ እሑድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እዚያው ሳቢያን፣ ከሰፈራችሁ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ይጫወታል፤ ሰው ስለሚያንሳቸው ኳስ የሚያመላልሱት ራሳቸው ናቸው። ስለ አንተ ጉዳይ ትናንት ነግሬዋለሁ፤ ስለ አጥሩም ጭምር። «ይህን እሑድ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው» ብሎኛል።

ፀሐይ ሳትከር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራሉ። ገንደ ቆሬ እህታችንም ከቻለች ብትመጣ፣ ናስትሮ አጠቃለሉን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን የለም።

ገንደ ቆሬ

እመጣለሁ። ኳሱን ሳትጠቀልሉ አቆዩኝ፤ ናስትሮውን እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ከመሐል ቀበሌ ሱቅ የሚሸጠው ስሱ ስለሆነ ሁለት ምት አይችልም።

ሳቢያን ሰፈር

ቅዳሜ ማታ ከጅቡቲ እገባለሁ። 12 ተኩል እዚያ ነኝ።